ያልተፈተነው ጥፍጥፍ ወርቅ

ለእታለሜ ለሃና እንግዳው፤

ከሰሜን ተራራ ሥር ተነሥቶ ባሕሩን የሚሻገር ሰላምታዬ ካለሽበት ቤይሩት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? በረኪና የላጠው እጅሽ ዳነልሽ? ባለፈው የላክሁልሽን ቅባት ራስሽ ተቀባሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጓደኛ ሰጠሽው? የምትጦሪያቸው አሮጊትስ አሁንም ምግብ አልበላም እያሉ ያስቸግሩሻል? እንቅልፍሽ፣ የእሑድ ዕረፍትሽ፣ ሁሉም እንደምን ሰነበተ? ይህን ሁሉ የምደረድረው ለወግ አይደለም። በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያልሽ ታልፊኛለሽ፤ በወረቀት ሲሆን ግን አንድ በአንድ ትመልሺልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

እኛ፣ እንደ ወጉ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል፤ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የስፌት መኪናዬ ብረት እጄን ይቆነጥጠኛል። ገብሱ ደህና ገብቷል። እማዬ ወገቤን ትላለች፣ ግን ቁጭ በይ ብትባል አትሰማም። ባለቤቴ አንዱዓለም ከትምህርት ቤቱ ሲመለስ አሁንም ጫማውን በር ላይ ጥሎ ይገባል፤ እኔም አሁንም እጮህበታለሁ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የዳባቷ ደብረወርቅ ናት። ለዕረፍት መጥታ ሰንብታ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ስለሆነ፣ በእጇ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጪ ብዬ አስምያታለሁ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሌላ ነው። በቅድሚያ ልብሽን አሳርፊ፤ የሞተ ሰው የለም። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር ታውቂያለሽ፤ ሞት ቢሆን እዚያም ቢሆን የአገር ሰው ፈልገን በማለዳ ደጅሽን ባስቆረቆርን ነበር። ነገሩ ወርቅሽ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ወለል ወልውለሽ በላክሽው ገንዘብ የተገዛው፣ ለፋሲካ መጥተሽ የእንግዳ ማረፊያ ልትሠሪበት ያሰብሽው ወርቅ፣ ወርቅ አይደለም። ላዩን ወርቅ ያለበሱት መዳብ ነው። እንዲህ ፊት ለፊት የጻፍኩልሽ፣ ዙሪያ ጥምጥም ብሄድ እስክሪብቶውን ጥዬ እንደምነሣ ስለማውቅ ነው። አሁን ከሥሩ ላጫውትሽ። መጨረሻው ላይ የምለምንሽ ነገር አለ፤ እስከዚያ ወረቀቱን እንዳትቀጂው።

አባባ ሲገዙ ታውቂያቸዋለሽ። ገበያ አብሯቸው የወጣ ሰው ተሳቅቆ ነው የሚመለሰው። ድስት ሲገዙ በጣታቸው ጫፍ እያንኳኩ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ መሰንጠቁን ከሻጯ በፊት እሳቸው ያውቁታል። ቅቤ ሲገዙ ስንጥር እስከ ታች ሰድደው፣ አውጥተው ያሸታሉ፤ ላዩ ቅቤ ታቹ ሌላ እንዳይሆን ነው። በቅሎ ከሆነማ ጥርሷን አይተው፣ ሰኮናዋን አንሥተው፣ ሽቅብም ቁልቁልም ነድተው ነው። እማዬ «ይህ ሰውዬ ሲያጨኝ ጥርሴን አለመቁጠሩ ይገርመኛል» ስትል አብረን እንስቅ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ዛሬ ያንን ቀልድ አትቀልድም። እኚያ ሰው ናቸው ጥፍጥፉን ሳይፈትኑ የተቀበሉት።

መጀመሪያማ ሁሉም ደህና ነበር። ብር በወደቀ ሰሞን አባባ «ወረቀት ባንክ ተቀምጦ ይከሳል እንጂ አይወፍርም» ብለው ወርቅ ልግዛልሽ ሲሉሽ አንቺም ተስማማሽ። ከቆላ ወርቅ ቆፋሪዎች የሚመጣ፣ ገና ጌጥ ያልተሠራበት፣ ቀልጦ የረጋ ጥፍጥፍ ነው የሚገዙት። አንዱ የባቄላ ፍሬ ያህላል፤ እጅ ላይ ሲያርፍ ግን ክብደቱ ያስደነግጣል። እያንዳንዱን እዚህ ደባርቅ እኔ ዘንድ ይዘው ይመጡና ወርቅ ሠሪው እንዳለው ጋ እንወስደዋለን። እንዳለው ጥቁር ድንጋዩ ላይ ይፍቀዋል፣ ፍቁ ላይ አሲድ ጠብ ያደርጋል። መስመሩ ከቆመ ወርቅ ነው፤ ከጠፋ ሌላ ነው። አባባ ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ። መስመሩ ሲቆም ጢማቸውን ዳሰስ ያደርጉና «የልጄ ላብ ነው፣ የት ይሄዳል» ይላሉ። አንድም ቀን መስመሩ ጠፍቶ አያውቅም። እንዳለውም ያኔ አንድ ነገር ነግሯቸው ነበር። ትልቅ ጥፍጥፍ የመጣ ቀን ላዩን በመፋቅ አይታመንም፣ መሃሉን ሳያስቆርጡ እንዳይገዙ ብሏቸዋል። አባባም «ቅቤ የምወጋ ሰውዬ ይህ ይጠፋኛል?» ብለው ሳቁበት።

አምና ነው የተበላሸው። ባዘዘውን መቼም አትረሺውም፤ ከአባባ ጋር የማርያምን ጽዋ ከሃያ ዓመት በላይ አብሮ የጠጣው፣ በልጅነትሽ የሳንባ ምች ሲይዝሽ በበቅሎው ጭኖ ዳባት ያደረሰሽ ሰው ነው። ታላቅ ሰው ነው፣ አንቱ ማለት ነበረብኝ። ንዴቴ አንቱታውን ነጥቆኛልና ለጊዜው እንዲህ ተቀበይኝ። ባዘዘው የክርስትና ልጅ አለው፤ ቆላ እየወረደ ወርቅ የሚነግድ ወጣት። ይህ ልጅ አንድ ትልቅ ጥፍጥፍ አምጥቶ፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ያንሳል፣ «አባቴ፣ ትንንሽ ወርቅ ያለው ሰው ካገኙ ይለውጡልኝ፤ ቀሪውን በብር ይጨምሩልኝ» አለው። ባዘዘውም ክፋት ሳያስብ ለአባባ ነገራቸው። አባባ ደግሞ ልባቸው ትልቁን ወደደ። «የተበታተነ ወርቅ በአይጥ ጉድጓድ ሳይቀር ይጠፋል፤ አንድ ሲሆን ነው ቤት የሚያቆም» አሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ ስትመጪ አንድ ትልቅ ነገር በእጅሽ ሊያስቀምጡልሽ አምሯቸው ነበር።

የተለዋወጡት ወሩ በገባ በሃያ አንድ፣ ባዘዘው ተራው ደርሶት ማኅበሩን በደገሰ ቀን ነው። እኔ አልነበርኩም፤ የንስሐ አባታችን መምሬ ገዱ ናቸው ያጫወቱኝ። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ሲዞር ባዘዘው ጥፍጥፉን ከኪሱ አወጣና ማኅበርተኛው እያየ ለአባባ ሰጣቸው። በሚዛን ሲመዝኑትም ልክ ነው። ባዘዘውም ራሱ «እንግዳው፣ የልጅህ ገንዘብ ነውና ነገ ደባርቅ ወስደን መሃሉን እናስቆርጠው» ብሏቸዋል። ይህን ማለቱን እንዳትረሺ። አባባ ግን ጥፍጥፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና «ቅቤ እወጋለሁ፣ ድስት አንኳኳለሁ። አብሬው ጽዋ የጠጣሁትን ሰው ግን አልወጋም» አሉ። ሰው ሁሉ «ይህ ነው ወንድምነት» ብሎ መረቃቸው። መምሬ ገዱም መርቀው ነበር፤ ሲነግሩኝ አንገታቸውን ደፍተው ነው።

ያንቺ ትንንሾቹ ጥፍጥፎች፣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ የቆሙት፣ በእጅ ከነበረው ብር ጋር ወደ ቆላው ልጅ ሄዱ። ትልቁ እማዬ ሣጥን ውስጥ ገባ። አባባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወጡትና «ይህን ያህላል» እያሉ በመዳፋቸው ያሳዩ ነበር። መግዘፉ ነበር ደስ የሚላቸው። ያጠፋቸውም መግዘፉ መሆኑን በኋላ ነው የተረዳነው።

ጥቅምት ላይ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ የማረፊያው ቦታ እንዳያመልጠን ብለሽ ስትደውዪ፣ አባባ ጥፍጥፉን ሸጠው ብሩን ሊያዘጋጁልሽ ቆረጡ። ያን ያህል ወርቅ ደባርቅ የሚገዛ ስለሌለ ጎንደር መውረድ ነበረብን። በኮታቸው ውስጥ በኩል ኪስ ሰፋሁላቸው፣ አፉንም በክር ዘጋሁት። መንገዱ ደህና ነው በተባለ ቀን አብረን ተሳፈርን። ኬላ ላይ ውረዱ በተባልን ቁጥር አባባ ደረታቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ አንዱ ወታደር ልባቸውን ያማቸው መስሎት ወንበር አቀረበላቸው። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። ያ የመጨረሻ ሳቄ ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

ጎንደር ደርቤ የሚባል ወርቅ ገዢ ሱቅ ገባን። ዝምተኛ ሰው ነው። እንደ እንዳለው ሁሉ ድንጋዩ ላይ ፋቀው፣ አሲዱን ጠብ አደረገ፤ መስመሩ ቆመ። አባባ ወደ እኔ ዞረው «አየሽ» አሉኝ። ደርቤ ግን ጥፍጥፉን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው። መዘነው። ከዚያ ብርጭቆ እስከ አፉ ውኃ ሞልቶ ጥፍጥፉን ቀስ አድርጎ ነከረና የፈሰሰውን ውኃ ለብቻ መዘነ። ሁለተኛም ሞክሮ ያንኑ አገኘ። «አባቴ፣ ወርቅ ከባድ ነው፤ ይህን ያህል የሚመዝን ወርቅ በመጠኑ የዚህን ግማሽ እንኳ መሙላት አልነበረበትም። ከፈቀዱልኝ መሃሉን ልቁረጠው» አለ። አባባ ጥፍጥፉን አንዴ አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ «ቁረጠው» አሉ፤ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም።

በብረት መጋዝ ገዘገዘው። ለሁለት ሲከፈል ዙሪያው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሣሣ ወርቅ ነው፤ ውስጡ ቀይ መዳብ። አባባ ጣታቸውን ቁርጡ ላይ አሹት፣ ከዚያ ጣታቸውን አሸተቱ። ልክ ቅቤ ገበያ እንደሚያደርጉት። እታለም፣ ያንን ሳይ ነው ልቤ የተሰበረው፤ መዳቡን ሳይ አይደለም። ቀና ብለውም «ለድካምህ ስንት ነው ልጄ?» አሉት። ደርቤ ምንም አልፈልግም አለ። መረቁት፣ ሁለቱን ቁራጭ በመሐረብ ቋጠሩና ወጣን። ዳባት ስንደርስ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ወረዱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ መንደር ሄዱ። እንዲህ አድርገውኝ አያውቁም።

የቆላውን ልጅ ፈለግነው። ስልኩ አይሠራም፤ ሱዳን ተሻግሯል የሚሉ አሉ፣ እሱም ከሌላ ተታልሎ ነው አፍሮ የጠፋው የሚሉ አሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሕግ ጋ እንዳንሄድ ያለ ፈቃድ የተገዛ ጥሬ ወርቅ ነው፤ ከሳሹም ተከሳሹም እኛው ልንሆን ነው። እኔ የምጠላው ሰው ፈልጌ ነበር። ባዘዘው ቤት ሄጄ ደጁ ላይ ቆሜ ያልተባለ ነገር አልተወሁም፤ ምላሴን ታውቂዋለሽ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። እማዬማ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ እህል ላበደረ አፈር። ልጄ ላይ ደረሰ» ትላለች፣ ደጋግማ።

በኅዳር ጽዮን ማኅበሩ የተሰበሰበው ሌላ ሰው ቤት ነበር። አባባ ከጎንደር ከተመለስን ወዲህ ከቤት አይወጡም ነበርና መምሬ ገዱ ራሳቸው መጥተው ወሰዷቸው። እኔም እማዬን ደግፌ ተከተልኳቸው። ጸሎቱ እንዳለቀ ባዘዘው ከደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። የእህል ወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ በማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ በዚያ ዕድሜው፣ አባባ እግር ሥር ወደቀ። «በቅሎዬንም፣ ላሞቼንም ውሰድ፤ እርሻዬንም አብረን እንካፈል፤ ብቻ ማረኝ» አለ። ያኔ አንቱታቸውን መለስኩላቸው። ሰውዬው እንደ እኛው የተዘረፉ ናቸው።

አባባ ድንጋዩን በእጃቸው አንሥተው ከላያቸው አወረዱ። «ባዘዘው፣ አንተ አልበደልከኝም። እናስቆርጠው ብለኸኝ ነበር። ያልፈተንኩት እኔ ነኝ፤ በራሴ ገንዘብ ቢሆን ኩራት ያምርብኝ ነበር፣ በልጄ ላብ ግን ማን ኩራ አለኝ?» አሉ። ከብቱንም በቅሎዋንም እንቢ አሉ። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሁሉም ነገሩ አለቀ ብሎ ጽዋው ሲቀርብላቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉም። «የተጣላ ሰው ጽዋ አይነካም፤ ሥርዓታችን ነው። እኔ ከልጄ ተጣልቻለሁ» አሉ። መምሬ ገዱ «ልጅህ እኮ ምንም አልሰማችም፣ በምን ተጣላችሁ?» ሲሏቸው «እሷ አልሰማችም፤ እኔ ሰምቻለሁ» ብለው ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልሄዱም።

አባባ ለምን ስልክ እንደማያነሡ አሁን ገባሽ። አውድማ ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ተኝተዋል ስንልሽ የከረምነው ከዚህ የተነሣ ነው። ድምፅሽን ከስልኩ ሲሰሙ ተነሥተው ከቤት ይወጣሉ፤ በር ላይ ቆመው ግን እስክትጨርሺ ያዳምጣሉ።

ታኅሣሥ ላይ ለእማዬ «ደባርቅ ልጄ ዘንድ ልታከም» ብለው ወጡ። እኔ ዘንድ አልመጡም። አንድ ጠዋት ወደ ሱቄ ስሄድ፣ አምና በቪዲዮ ያሳየሁሽ ቦታ፣ ያ አንቺ ማረፊያውን ልትሠሪበት የወደድሽው መንገድ ዳር ያለው፣ ሌላ ሰው ገዝቶት ድንጋይና ስሚንቶ ተራግፎበታል። ከድንጋዩ ክምር አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንቦ፣ ዱላ ይዞ ቆሟል። አልፌ ከሄድኩ በኋላ አቋቋሙ መለሰኝ። አባባ ናቸው። ዘበኛ ሆነው ተቀጥረዋል፤ ማደሪያቸውም እዚያው በላስቲክ የተጋረደች ቆርቆሮ ናት። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ አላፈሩምም። «ልጄ የሰው ቤት ስትጠብቅ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። እኔ የሰው ድንጋይ ብጠብቅ ምን ይለኛል? በሬዎቹን አከራይቻለሁ፤ ጥቂት ጥቂት ብዬ እመልስላታለሁ» አሉኝ። እንኳን እኔ፣ አንዱዓለምም፣ መምሬ ገዱም ለምነዋቸው አልተመለሱም። የደባርቅን ብርድ ግን ታውቂዋለሽ፤ የገና በዓል ሳይደርስ ሳል ያዛቸው፣ ሳሉ ወደ ሳንባቸው ወረደ፣ ተሸክመን ነው ወደ ቤቴ ያመጣናቸው።

አሁን እኔ ዘንድ ናቸው። ሐኪሙ ሳንባቸው ተጎድቷል ብሏል፤ መድኃኒቱን ጨርሰዋል፣ ትኩሳቱ ለቋቸዋል፣ ግን ሰውነታቸው አልተመለሰም። አላጋንንም፣ አላሳንስም፤ እንደ አምናው አባባ አይደሉም። ኮታቸውን ለማጥበብ ሁለት ጊዜ ሰፍቻለሁ።

እንድጽፍልሽ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው። «ሁሉንም ጻፊላት፣ እኔን ለማዳን ብለሽ እንዳትቀንሺ» አሉኝ። ቀጥለውም ይህን አሉ፤ ቃሉን እንዳለ ነው የማደርስልሽ። «ስትሰማ እዚያው ትቀራለች። ሌላ ኮንትራት ትፈርማለች። አውቃታለሁ፣ እኔን ነው የወጣችው፤ የጎደለውን ሳትሞላ እግሯ አይነሣም። ንገሪያት፤ የጠፋው ጠፍቷል። ቀሪውን ዕድሜዋን ከጨመረችበት ግን ያኔ ነው እኔ በእውነት የዘረፍኳት።» ይህን ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እታለም፣ ልመናዬ እንግዲህ ይኸው ነው። ለፋሲካ ነይ። ባዶ እጅሽን ነይ። ፍትሕ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ የተዘረፍሽው አንቺ ሆነሽ ሳለ አጽናኚ የምልሽም አንቺኑ ነው። የዘጠኝ ዓመት ወለል፣ ያ ደረጃ፣ ያልሄድሽበት ሠርግ፣ ያልቀበርሻቸው አያታችን፣ ሁሉም በአንድ መጋዝ ሲቆረጥ አይቻለሁና ምን እንደምጠይቅሽ አላጣሁትም። ተቆጪ። አልቅሺ። ለእኔ ደውለሽ የፈለግሽውን ስደቢኝ፤ ባዘዘውን የሰደብኩበትን ምላስ ይዤ ዝም ብዬ እሰማሻለሁ። አባባንም ይቅር አልልም ብትዪ አልፈርድብሽም። ግን መጥተሽ ፊታቸው ቆመሽ በዪው። እዚያ ሆነሽ ዓመት ከጨመርሽ ወርቁን ታገኚው ይሆናል፤ የሚቀበልሽ ሰው ግን በር ላይ ቆሞ አይጠብቅሽም። እኔ ዛሬ ጎናቸውን ሳጥብ የጎን አጥንታቸውን አይቻለሁና ነው እንዲህ የምልሽ።

ማረፊያው ቀርቷል። ሱቄ ጠባብ ናት፣ ሁለተኛ የስፌት መኪና ግን ታስገባለች። አንቺ መቁረጥ ትችያለሽ፣ እኔ መስፋት። ያን ያህል ነው ያለኝ፤ የሌለኝን ቃል አልገባልሽም። የአውሮፕላን ቲኬቱን ቆርጠሽ ከነበረ እንዳትመልሺው። እመቤትሽ «ምነው ቸኮልሽ፣ ደመወዝ ልጨምርልሽ» ካሉሽም አትስሚያቸው።

እማዬ ጉንጭሽን ሁለቴ፣ ግንባርሽን አንዴ እስማለሁ በዪልኝ ብላለች፤ አልጋሽን አራግፋ ፀሐይ ላይ ካወጣችው ሳምንት ሆነው። አንዱዓለም በጣም ሰላም ብሎሻል፤ የሚያጽፈው ብዙ ነበረው፣ ወረቀት አልበቃኝም ብዬዋለሁ። ልጄ ዋሴ ለአክስቴ ጥርሴ ወልቋል በዪልኝ ይላል፤ በሥዕል ካልሳልኩ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። ጋሽ ባዘዘው ትናንት ሱቅ ድረስ መጥተው «ሰላም ብላት ትቀበለኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። እሱን እሷ ታውቃለች አልኳቸው። መምሬ ገዱ በጸሎት አልረሳሽም ብለዋል።

አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝተዋል። ሰላምታዎን ልጻፍ ወይ ስላቸው «ተይው፣ በምን አፌ» አሉኝ። ወረቀቱን ላጥፍ ስል ግን ጠሩኝ። ከእረኛው ዘንድ ሁለት ሙክት በግ ለይተው አስቀምጠዋል፤ ለፋሲካ የሚታረደው ቀዩ ይሁን ወይስ ነጩ፣ ጠይቂያት አሉኝ። እሱን ብቻ መልሺላቸው።

እህትሽ ሰገነት እንግዳው
ደባርቅ፣ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.